በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በዋስ ስለ መለቀቁ

ዋስትና ማለት ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ሳይጎድል ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚሰጥ መያዣ ነው። ማንም ሰው ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ ዋስትና በተጠየቀ ጊዜ ዳኛው በተለመደው አሠራር የሚመረምረው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ተከሳሹ ይጠፋ እንደ ሆነ፣ ምስክር ያባብል እንደ ሆነ፣ ሌላ ወንጀል ይሠራ እንደ ሆነ ነው። ክሱ የአደንዛዥ ዕፅ ሲሆን ግን በአንዳንድ አገሮች ይህ አሠራር ይለወጣል። የሕንድ ሕግ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ስለሚሆን ከዚህ ቀጥሎ እንመለከተዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕንድ ስለ አደንዛዥ ዕፆች አጠቃላይ ሕግ ያወጣችው በ1985 ነው። ሕጉ በ1989 ሲሻሻል፣ በ37ኛው አንቀጽ ጥብቅ ደንብ ገባበት። በዚህ ደንብ መሠረት ዐቃቤ ሕጉ ዋስትናውን የተቃወመ እንደ ሆነ፣ ዳኛው ሁለት ነገሮችን ካልተረዳ በቀር ተከሳሹን ሊለቅ አይችልም። አንደኛው፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት መኖሩን ነው። ሁለተኛው፣ በዋስ ወጥቶ ሳለ ወንጀል የማይሠራ መሆኑን ነው። በ2001 በተደረገው ማሻሻያ ደንቡ የንግድ መጠን ባለው ዕፅ ለተከሰሱና ለጥቂት ሌሎች ከባድ ወንጀሎች ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። የንግድ መጠን የሚባለውም ለሄሮይን ከ250 ግራም በላይ፣ ለኮኬይን ከ100 ግራም በላይ፣ ጋንጃ ለሚባለው የካናቢስ ዓይነት ከ20 ኪሎ በላይ ሲሆን ነው። ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው።

ስለዚህ የዋስትናው ነገር በብዙው የሚወሰነው በሚዛን ነው። 19 ኪሎ ጋንጃ ተገኘበት የተባለው በተራው ደንብ ሲታይ፣ 21 ኪሎ የተገኘበት ግን በጥብቁ ደንብ ይታያል። ከዚህም በላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ዕፁ ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ ሲገኝ የሚቆጠረው የድብልቁ ጠቅላላ ክብደት ነው ብሎ ወስኗል።

ሕጉን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የዕፅ ንግድ ብዙ ገንዘብ የሚገኝበት ስለ ሆነ፣ ባለ ሀብቱ ነጋዴ የዋስትናውን ገንዘብ ጥሎ ለመጥፋት አይቸገርም። ነገር ግን ችግሩ ከዚህ ላይ ነው፤ ዋስትና የሚጠየቀው ምስክር ሳይሰማ ነው። ምስክር ሳይሰማ ተከሳሹ ጥፋተኛ አለመሆኑን ተረዳ ማለት የመጨረሻውን ፍርድ በመጀመሪያው ቀን እንደ መጠየቅ ይሆናል። ወደፊት ወንጀል አለመሥራቱንም አስቀድሞ ሊያረጋግጥ የሚችል ዳኛ የለም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሁለቱ አሳቦች መካከል ሲመላለስ ቆይቷል። በ1994 ከ10 ዓመት በማያንስ እሥራት በሚያስቀጣ ወንጀል ተከስሰው ሳይፈረድባቸው 5 ዓመት የታሰሩ ሰዎች፣ 100,000 ሩፒና ሁለት ዋሶች አቅርበው እንዲለቀቁ አዘዘ። በ2022 ደግሞ የደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሰጠውን አንድ ዋስትና ሽሮ፣ 37ኛው አንቀጽ በጥብቅ እንዲጠበቅ አሳሰበ። በ2023 ግን ከ7 ዓመት በላይ ፍርድ ሲጠብቅ የኖረ ተከሳሽን በዋስ ሲለቅ፣ ነገሩ ያለ አግባብ ከዘገየ 37ኛው አንቀጽ ዋስትናን እንደማይከለክል ገለጸ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። ጥብቅ ደንብ በራሱ ፍርድን አያፋጥንም፤ ነገሩ በዘገየ ቁጥር ለጊዜው የተባለው እሥራት ሳይታወቅ ቅጣት እየሆነ ይሄዳል። በኋላ ነጻ ነህ ለሚባለው ሰው ያለፈውን ዓመት የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ዋስትናን የሚያጠብ መንግሥት ክሱ ተሰምቶ የሚያልቅበትን ጊዜም በዚያው ሕግ ቢወስን፣ ጊዜው ባለፈ ጊዜም ዋስትናው በተራው ደንብ እንዲታይ ቢያደርግ፣ የሕዝቡም ደኅንነት የተከሳሹም መብት ሳይጎዳ ሊጠበቅ ይችላል።