ራም ሲጠብ

የቤት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚወቀሰው ቫይረስ ነው። ጥገና ቤት ሲወሰድም ቶሎ የሚታዘዝለት መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናል፤ ፕሮግራሞቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ ግን እንደ በፊቱ ይሆናል። በመሃል ኮፒ ያልተያዘለት የቤተሰብ ፎቶ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ጠፍቶ ይቀራል። ኪሳራው የሚያንገበግበው፣ የዝግታው ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀላልና በዓይን የሚታይ ስለሆነ ነው። ራም፣ ማለትም ፈጣኑ የሥራ ሜሞሪ፣ አልበቃ ብሎ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩን በራም ምትክ እየተጠቀመበት ነው።

ይህ አሠራር ቨርቹዋል ሜሞሪ ይባላል። በራሱ በሽታ አይደለም፤ እንዲያውም ከኮምፒውተር ታሪክ ብልህ ፈጠራዎች አንዱ ነው። የተወለደው እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ የሠሩት አትላስ የተባለ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ሲጀምር ፈጣኑ ሜሞሪው 16 ሺህ ገደማ የቁጥር ቤቶች ብቻ ነበሩት። ከጎኑ 96 ሺህ ገደማ የሚይዝ፣ ግን ዘገምተኛ የሆነ የማግኔት ከበሮ ነበረ። እስከዚያ ድረስ የትኛው የፕሮግራም ክፍል መቼ ከከበሮ ወደ ሜሞሪ እንደሚገባ ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ማቀድ ነበረበት፤ አሰልቺና ለስህተት የተጋለጠ ሥራ ነበር። የኪልበርን ቡድን ይህን ጣጣ ለማሽኑ አስረከበው። ሜሞሪው በእኩል ገጾች ተከፋፈለ፤ ለጊዜው የማይፈለገው ገጽ ወደ ከበሮው ይሸኛል፣ የሚፈለገው ይመጣል። ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ለእሱ ያለው አንድ ሰፊ ሜሞሪ ነው።

ዛሬ ቤት ያለው ዊንዶውስም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ገጹ 4 ኪሎ ባይት ሆኗል፤ የከበሮውን ቦታ የያዘው ደግሞ ሲ ድራይቭ ላይ የተደበቀ ፔጅፋይል የሚባል ፋይል ነው። ጠዋት ከፍተው የረሱት ሰነድ ወደዚያ ቢሸኝ ማንም አይጎዳም። 4 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ከ4 ጊጋ በላይ የሚጠይቁ ፕሮግራሞችን አብሮ መክፈት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግር የሚመጣው የተከፈቱት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲፈለጉ ነው።

ያኔ የፍጥነቱ ልዩነት ይገለጣል። ራም የተጠየቀውን ለማቀበል 100 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ማንበቢያውን ወደ ቦታው ወስዶ፣ ሳህኑ እስኪዞርለት ጠብቆ እስኪያነብ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። መቶ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። የራሙን ጊዜ አንድ ሰከንድ ነው ብለን ብናሰላ፣ ሃርድ ዲስኩ 28 ሰዓት ገደማ ያስጠብቃል፤ ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ ደግሞ ከሩብ ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ገጹ እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

ፒተር ዴኒንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህንን መዘዝ በሚገባ አብራርቶታል። ማንኛውም ፕሮግራም በአንድ ወቅት የሙጥኝ ብሎ የሚሠራባቸው የተወሰኑ ገጾች አሉት። እነዚያ ገጾች ራም ውስጥ እስካሉ ድረስ ሌላው ቢወጣ ለውጡ አይታወቅም። እነሱም ሳይገቡ ከቀሩ ግን አንዱ ገጽ እንዲገባ ሌላው ይወጣል፤ የወጣው ወዲያው ይፈለጋል፤ ማሽኑ በማመላለስ ብቻ ይጠመዳል። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ የሚቀንስ እንዳይመስልዎ፤ ድንገት ገደል ይገባል። አሥር የብሮውዘር ታቦች ያለችግር ሲሠሩ ቆይተው አሥራ አንደኛው ሲከፈት ሁሉም ነገር ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው። የማውዙ ቀስት ይንቀሳቀሳል፣ የተጫኑት ነገር ግን አይመልስም፤ የሃርድ ዲስኩ መብራት ሳይጠፋ ይበራል፤ ጆሮ ቢያስጠጉ ዲስኩ ሲንቋቋ ይሰማል።

እንግዲህ ምርመራው መደረግ ያለበት ኮምፒውተሩ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሜሞሪ የሚለው ከ90 በመቶ አልፎ፣ ዲስክ የሚለው ደግሞ 100 አካባቢ ተጣብቆ ከቀረ ችግሩ በአብዛኛው የራም ማነስ ነው። ሜሞሪው 50 ወይም 60 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ ብቻ 100 ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ይፈልጉ፤ አንቲቫይረስ እየፈተሸ፣ ዊንዶውስ አፕዴት እያወረደ ወይም ዲስኩ ራሱ ሊሞት እያጣጣረ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ከጠረጠሩ ሌላውን ሁሉ ትተው ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

እዚያው ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል፣ ሜሞሪ የሚለውን ሲከፍቱ፣ ኮሚትድ የሚል ጽሑፍ ሥር በ«/» ምልክት የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የግራው ፕሮግራሞቹ የተሰጣቸው የሜሞሪ መጠን ነው፤ የቀኙ ደግሞ የራሙና የፔጅፋይሉ ድምር። ግራው ወደ ቀኙ ሲጠጋ ሜሞሪ አለቀ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ፕሮግራሞችም በራሳቸው ይዘጋሉ። ፔጅፋይል እንደ አስፈላጊነቱ ማደግ ይችላል፤ ሲ ድራይቭ ከሞላ ግን የሚያድግበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ቪዲዮውንና ፊልሙን ከሲ ድራይቭ አንስቶ ቢያንስ 15 ጊጋ ያህል ክፍት ማድረግ ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፔጅፋይልን ማሳደግ ፕሮግራሞች እንዳይዘጉ ይረዳል እንጂ ኮምፒውተሩን አያፈጥንም፤ ዘገምተኛውን መጋዘን ማስፋት ነውና። ጨርሶ ማጥፋት ደግሞ የባሰ ነው፤ ማምለጫ ያጣው ዊንዶውስ ራም በሞላ ቁጥር ፕሮግራም ይጥላል። መጠኑን ለዊንዶውስ መተው ይሻላል። «ራም እናጸዳለን» የሚሉ ፕሮግራሞችንም አልመክርም። በሥራ ላይ ያሉ ገጾችን ከራም ያስወጡና የሚያስደስት ቁጥር ያሳያሉ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እነዚያው ገጾች ከዲስክ ይጠራሉ።

የሚጠቅመው ራሙን የሚበላውን ማወቅ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮግራሞቹን በሜሞሪ ቅደም ተከተል ይደርድሩና አናት ላይ ያለውን ይዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ብሮውዘር ነው። ክሮምና ኤጅ የማይታዩ ታቦችን የሚያስተኛ ማስተካከያ ስላላቸው እሱን ያብሩት። ሳይጠሩ ከዊንዶውስ ጋር የሚነሡትን ስታርትአፕ በሚለው ክፍል ያጥፏቸው። አንድ ፕሮግራም ምንም ሳይሠራበት ድርሻው በየሰዓቱ እያደገ ከሄደ የወሰደውን ሜሞሪ አይመልስም ማለት ነው፤ ዘግቶ መክፈት ለጊዜው፣ አዲሱን ቨርዥን መጫን ደግሞ ብዙ ጊዜ ለዘለቄታው ይፈታዋል። ሌላም ጥቂቶች የሚያውቁት ነገር አለ። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ «ሻት ዳውን» የዊንዶውስን እምብርት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በቶሎ ለመነሣት ሲል ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይመልሰዋል። «ሪስታርት» ግን ከባዶ ያስጀምራል። ማታ ማታ አጥፍተው ጠዋት ያው ዝግታ ከጠበቀዎት አንድ ጊዜ ሪስታርት ያድርጉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሜሞሪው አሁንም ከ90 በመቶ ካልወረደ ያለዎት ራም ለሥራዎ አይበቃም። ዊንዶውስ 11 ራሱ ከ4 ጊጋ በታች አይቀበልም፤ 4 ጊጋ ይዞ ብሮውዘርና ዎርድ አብሮ መክፈት ደግሞ ጭንቅ ነው። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ ከሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ራም የሚጨመርባቸው ስለሆኑ ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። ገንዘቡ ከራምና ከኤስኤስዲ ለአንዱ ብቻ ከበቃ እንዲህ ይወስኑ፦ ሜሞሪው ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ራሙን ወደ 8 ጊጋ ያሳድጉ፤ ሜሞሪው ተርፎ ዊንዶውስ ለመነሣትና ፕሮግራም ለመክፈት ብቻ ከዘገየ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይቀይሩ። ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ታስክ ማናጀር ላይ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይመልከቱ። ዲዲአር3 በዲዲአር4 ቦታ አይገባም፤ ስለዚህ የነባሩን ራም ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለሻጩ ያሳዩት።