ደም መጣጭ ነፍሳት ራሳቸውን ከተሕዋስያን እንዴት ይከላከላሉ?
ለሊበን ቆላ የመጠለያና የሰፈራ ሥራ ያለው ትርጉም

በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል የሚገኘው የሊበን ምድር በአብዛኛው ደረቅ ቆላ ሲሆን፣ ሕዝቡ ኑሮውን የመሠረተው በከብት፣ በግመልና በፍየል ርቢ ላይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በቂ ዝናብ ሳይሰጡ በማለፋቸው፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ውሃና እህል ወደሚገኝባቸው ከተሞችና መጠለያዎች ተሰባስቧል። እንዲህ ያለው መሰባሰብ ረሀብን ለማስታገሥ ቢረዳም፣ ሰውን ከወባ ትንኝና ከአሸዋ ዝንብ ጋር ያቀራርባል። ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ ሁሉም ያውቃል፤ ትንኟ ራሷ ከወባ ተሕዋስ ጋር እንደምትታገል የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ሮናልድ ሮስ የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያየው በ1889 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር እንዳስረዳው፣ ትንኝ የወባን ተሕዋስ እንደ ዕቃ የምትሸከም አይደለችም። ከሕመምተኛ ደም ጋር የገቡት ተሕዋስያን በብዙ መቶና ሺህ ቢቆጠሩም፣ የአንጀቷን ግድግዳ አልፈው ሥር የሚሰዱት አብዛኛውን ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው መከላከያ አንጀቷ ነው። ትንኟ ደም በጠጣች በሰዓታት ውስጥ ደሙን የሚከብብ ስስ ከረጢት ይበጃል። ተሕዋሱ የምግብ መፍጫ ቅመሞችን ተቋቁሞ፣ ይህን ከረጢትና የአንጀቱን ሕዋሳት ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። ሁለተኛው መከላከያ በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ያሉ ልዩ ፕሮቲኖች ባዕዱን ተሕዋስ ለይተው ይጣበቁበታል፤ ከዚህም የተነሣ ተሕዋሱ ይፈራርሳል፣ ወይም በጥቁር ንጥረ ነገር ተሸፍኖ ታፍኖ ይሞታል። የደም ሕዋሳቷም ባክቴሪያዎችን ይውጣሉ፤ ሌሎች ጥቃቅን ፕሮቲኖች ደግሞ የባክቴሪያዎቹን ሽፋን ይበሳሉ።

ነፍሳት እንደ ሰው ፀረ እንግዳ አካል አያመርቱም። ይሁን እንጂ መከላከያቸውን የሚቀሰቅሰው ሥርዓት በሰው ውስጥም አምሳያ አለው። ይህን በተራ ዝንብ ላይ ያስረዳው ዡል ሆፍማን በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በእንስሳት ላይ ገንዲን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ ዝንቦች የጠጡትን ተሕዋስ ከአንጀታቸው ያጠፉታል፤ ለተሕዋሱ ይበልጥ የሚጋለጡት ከተፈለፈሉ በኋላ ገና ደም ያልቀመሱትና በረሀብ የተዳከሙት ናቸው።

ታዲያ ትንኝ ይህን ያህል የምትታገል ከሆነ ወባ ስለ ምን አይጠፋም? አንደኛ፣ ተሕዋሱም ዘዴ አለው፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት የትንኟ መከላከያ እንዳይለየው የሚሰውር ፕሮቲን ይዟል። ሁለተኛ፣ አንድ ተሕዋስ እንኳ ካመለጠ በአንጀቷ ግድግዳ ላይ አድጎ በሺህ ይባዛል፤ ከዚያም ወደ ምራቋ ዕጢ ይሄዳል። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ለፋልሲፓረም 12 ቀን ያህል፣ 20 ዲግሪ ሲሆን ከሦስት ሳምንት በላይ ያስፈልገዋል። ከትንኞች አብዛኞቹ ይህን ዕድሜ ሳያገኙ ይሞታሉ። ስለዚህ ደጋማ በሆነ ስፍራ ዘገምተኛ የሆነው ወባ፣ እንደ ዶሎ ባለው ሞቃት የወንዝ ዳር ይፋጠናል።

ለሥራው ዋናው ትምህርት ይህ ነው። በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና የቤት ርጭት ትንኝን ሁሉ ባያጠፉም ዕድሜዋን ያሳጥራሉ፤ ዕድሜዋ ካጠረ ከመከላከያዋ ያመለጠው ተሕዋስ ምራቋ ሳይደርስ አብሯት ይሞታል። አጎበሩ የሚጠቅመው ግን ዝናብ ከመጣሉ አስቀድሞ ሲታደል ነው። ትንኞች ከበዙና ተሕዋሱ በውስጣቸው ካደገ በኋላ የሚደርስ አጎበር ለብዙ ሕፃናት ዘግይቶ የደረሰ ነው።

የመጠለያ ቦታ ሲመረጥም ሦስት ነገሮች ይታሰባሉ። የወንዝ ዳርና ረግረግ መራቅ ይገባል። በገናሌ ተፋሰስ ካላዛር ስላለና በደቡብ ቆላ የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በኩይሳ ውስጥ ስለሚኖር፣ መኝታን ከኩይሳ አጠገብ መሥራት አይገባም። የውሃ በርሜልና ገንዳም መከደን አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ የምትራባው በተጠራቀመ ውሃ ነውና።

ያለፈው ታሪክም ማስጠንቀቂያ ነው። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በደጋማው አገር የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከልና ጋምቤላ የተወሰዱ ሰፋሪዎችም ሰውነታቸው ካልለመደው ወባ ጋር ተፋጠዋል። ትንኝ ተፈጥሮ የሰጣትን መከላከያ ይዛ ትወለዳለች፤ በድርቅ ተፈናቅሎ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ግን የሚከላከለው በተዘጋጀለት ቦታ፣ በአጎበርና በወቅቱ በሚደርስ መድኃኒት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።