ማክሰኞ ወደ በረዶው፦ ስለ ስኪ የሚባለውና እውነታው

ከአውሮራ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ተራራውን ያየዋል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ጫፉ ነጭ ነው። ዴንቨርና አውሮራ የሚኖር ሐበሻ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል፣ ለእንግዳ ያሳየዋል። ወጥቶ በረዶውን የረገጠው ግን ጥቂት ነው። ባልና ሚስት አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው እየወጣ፣ አንድ ቀን እንኳ ለብቻቸው አየር ሳይቀይሩ ክረምቱ ያልፋል። ለምን አትወጡም ሲባሉ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ውድ ነው፣ እግር ይሰብራል፣ የፈረንጅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ቤቱ የሚቀረው ከገንዘብ እጦት ይልቅ ባልተጣራ ወሬ ስለሆነ ወሬውን ማጥራት ይገባል።

«የሀብታም ጨዋታ ነው»

የዚህ ወሬ ምንጭ እንደ ቬይል ያሉ ስመ ጥር የስኪ ቦታዎች ናቸው። በቬይል ሰው በሚበዛበት ሰሞን በዕለቱ የሚቆረጥ የአንድ ቀን የሊፍት (ወደ ተራራው የሚያወጣው ማጓጓዣ) ቲኬት ከ300 ዶላር አልፏል። ለሁለት ሰው፣ ከመሣሪያ ኪራይ፣ ከሆቴልና ከምግብ ጋር ሲደመር ቅዳሜና እሑድ ብቻ የወር የቤት ኪራይ ሊጠጋ ይችላል። ይህን ሰምቶ የሸሸ ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን ያንን ዋጋ የሚከፍለው በበዓል ቀን፣ ቲኬት ሳይዝ፣ ዝነኛ ቦታ የሄደ ሰው ነው። ለዚያው ለቬይል እንኳ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ ቀድሞ የሚገዛው፣ ኤፒክ የተባለው የቀን ፓስ በብዙ ይረክሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ለቤታችን የሚቀርቡትን ቦታዎች ማወቅ ይጠቅማል። ላቭላንድ ከዴንቨር በአይ-70 መንገድ 53 ማይል ያህል ነው። ከ1937 ጀምሮ የሚሠራ፣ ሆቴል የሌለው፣ መኪና ማቆሚያው ነጻ የሆነ ቦታ ሲሆን ለጀማሪዎች ለብቻው የተለየ ሸለቆ አለው። አይዳሆ ስፕሪንግስ አካባቢ ያለው ኤኮ ማውንቴን ትንሽ ነው፤ ማታም መብራት እየበራ ይሠራል። ኤልዶራ ደግሞ ከቦልደር በከተማ አውቶቡስ ይደረሳል፤ በበረዶ መንዳት ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በነዚህ ቦታዎች አንድ ቀን ውሎ ማታ በራስ አልጋ መተኛት ይቻላል። ከጉዞው ወጪ ከባዱ ብዙ ጊዜ አዳሩ ስለሆነ እሱን መሰረዝ ሒሳቡን ይለውጠዋል።

የዊንተር ፓርክ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባል። ቦታው የዴንቨር ከተማ ንብረት ነው። በ1940 የተከፈተው በጊዜው የከተማው መናፈሻዎች ኃላፊ በነበረው በጆርጅ ክራንመር ጥረት ሲሆን፣ ሐሳቡ ለከተማው ሕዝብ የሚሆን የክረምት መዝናኛ ማዘጋጀት ነበር። በበረዶው ወራት ጠዋት ከዩኒየን ስቴሽን የሚነሳ ባቡር አለ። በ1928 የተከፈተውን፣ 10 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የሞፋት ዋሻ አልፎ ሲወጣ ከሊፍቱ አጠገብ ያወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ይመልሳል። በ2024–25 ወቅት ቀድሞ ለሚቆርጥ መንገደኛ የአንድ ጉዞ ዋጋ ከ19 ዶላር ይጀምር ነበር። ስኪ ባትሞክሩ እንኳ፣ ለሁለት ሰው የአንድ ቀን ሽርሽር ከዚህ ባቡር የተሻለ አላውቅም።

ስለ ወጪ ሲነሳ ማንም የማያነሳው ሌላ ጉዳይ አለ። በኤርፖርት፣ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በኡበር የሚሠራው ወገናችን የዕረፍት ቀኑ ብዙ ጊዜ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ላይ ይውላል። ይህን እንደ ዕድለ ቢስነት እንቆጥረዋለን። ለተራራው ግን ከሁሉ የሚመረጠው ቀን ይኸው ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሊፍቱ ጋ ሰልፍ የለም፣ ብዙ ቦታ ቲኬቱም ከቅዳሜ ይረክሳል። ገናችንም እንዲሁ ነው። ጃንዋሪ 7 ሲደርስ የፈረንጆቹ የበዓል ግርግር አልቋል፤ ቀጣዩ የሚመጣው በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ዙሪያ ነው። በመካከሉ ያሉት የሥራ ቀናት ከወቅቱ ሁሉ ጭር ካሉት ውስጥ ናቸው። ጾሙን የፈቱ ባልና ሚስት ምሳቸውን ቋጥረው ቢወጡ የሚያስቸግራቸው ሰው አይኖርም። ምሳ መያዝ ደግሞ አያሳፍርም፤ ፈረንጁም ሳንድዊቹን በቦርሳው ይዞ ነው የሚመጣው።

ልብስ እንዴት ይገኛል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ስኪውን፣ ጫማውንና ሄልሜቱን ተከራዩ፤ ብዙውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ያለ ሱቅ ተራራው ላይ ካለው ይረክሳል። ሱሪና ጃኬት ከሚያውቁት ሰው ይዋሳሉ፣ ወይም ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ይገዛሉ። እዚህ ላይ ግን የሚያሳስተን እምነት አለ፤ ብዙ መደረብ ይበቃል ብለን ጂንስ በጂንስ ላይ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ እንለብሳለን። ጥጥ ላብና በረዶ ሲነካው ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ከዚያም ሙቀት ይሰርቃል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከመሀል ፍሊስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ መሆን አለበት። ካልሲ አንድ ብቻ ይበቃል። ሁለት ሲደረብ ጫማው ውስጥ ይተጣጠፋል፣ ደም ያግዳል፣ እግሩ የባሰ ይቀዘቅዛል።

«እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ አይነካንም»

ይህን በኩራት የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ ከፊሉም እውነት አለው። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ አማሮች ላይ የተሠራና በ2002 የታተመ ጥናት፣ የሰዎቹ የደም ኦክስጅንና ሄሞግሎቢን መጠን ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። አስደናቂ ነገር ነው። ግን ያ የተገኘው ከትውልድ ትውልድ እዚያ በኖሩ ሰዎች ላይ ነው። በራስ ዕድሜ የተለመደ ከፍታ ደግሞ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዴንቨር 1,600፤ የላቭላንድ ግርጌ ደግሞ 3,290 ሜትር። እዚያ ቦሌ ያደገም ጎንደር ያደገም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሊይዘው ይችላል። ውሃ መጠጣት፣ መጀመሪያ ቀስ ማለት፣ ሕመሙ ከበረታ ወዲያው መውረድ ያስፈልጋል። ሕመሙ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከደረሱ ከሰዓታት በኋላና ሌሊት ስለሆነ፣ ማታ ዴንቨር ወርዶ የሚተኛ ሰው ከሚያድረው ይሻላል።

አልኮል ያሞቃል የሚባለውም ስሕተት ነው። በቆዳ ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሙቀት የተሰማ ይመስላል እንጂ የሰውነት ሙቀት እየወጣ ነው። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይፈራም የሚለውም አይሠራም። አዲስ በረዶ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን የአልትራቫዮሌት ጨረር መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል፣ ከፍታም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምርበታል። ዓይን ደግሞ ጥቁርም ነጭም ብሎ አይለይም፤ የበረዶ መነጽር ግድ ነው።

«እግር ይሰብራል»

ጉዳት አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን በጥናቶች የሚወጣው ቁጥር በ1,000 የስኪ ቀን ከ2 እስከ 3 ጉዳት አካባቢ ነው። የቅልጥም ስብራት ከ1970ዎቹ ወዲህ በጣም ቀንሷል፣ ምክንያቱም ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያይዘው መቆለፊያ ሰው ሲወድቅ ራሱ እንዲለቅ ተደርጎ ይሠራል። ዛሬ በብዛት የሚጎዳው ጉልበት ነው፣ በተለይ በሴቶች ላይ። እዚህ ላይ ሰው በገዛ እጁ የሚያመጣው አደጋ አለ። መሣሪያ የሚያከራዩት ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ይጠይቃሉ፤ መቆለፊያው በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ የሚስተካከለው በዚያ ነው። ክብደቱን ቀንሶ የሚናገር፣ ጀማሪ ሆኖ «እችላለሁ» የሚል ሰው መልቀቅ በማይገባው ሰዓት የሚለቅ፣ ወይም መልቀቅ በሚገባው ሰዓት የማይለቅ መሣሪያ ይዞ ይወጣል። እዚያ ቦታ ላይ እውነቱን መናገር ጉልበት ያድናል።

ከጉልበት በኋላ የሚጎዳው ትዳር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ባል አንድ ሁለቴ ሞክሮ ከነበረ «ነይ፣ ምንም አይደል፣ እኔ አሳይሻለሁ» ይላል። ከዚያ እሱ ከታች ቆሞ ይጮኻል፣ እሷ ከላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ «ዳግመኛ እንዳትጠራኝ» ብላ ትወርዳለች። ስኪ የሚችል ሰው ሁሉ ማስተማር አይችልም። ለጀማሪ ትምህርት፣ ኪራይና የጀማሪ ሊፍት ተጠቃሎ የሚሸጥ ጥቅል ላቭላንድም ዊንተር ፓርክም አለ። ሙሉ የሊፍት ቲኬት የገዛ ጀማሪ ገንዘቡን አባከነ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን የሚውለው ሜዳ በሚመስል ተዳፋት ላይ ስኪውን ከፊት አገናኝቶ መቆምን ሲማር ነውና። ሁለታችሁም ተመዝገቡ፣ እሱም ጭምር። አርባም አምሳም ዓመት የሞላው ሰው በዚያ መንገድ ይማራል፤ ልጅ ፈጥኖ የሚማረው ሲወድቅ ስለማይጨነቅ ነው።

«የፈረንጅ ነው» ለሚለው ደግሞ ታሪክ አለን። በ2006 በቱሪን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈችው በሜዳ ስኪ ተወዳዳሪው በሮቤል ተክለማርያም ነው፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ባንዲራዋን ይዟል። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ በ1973 ቤን ፊንሊና አርት ክሌይ የተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ከተለያዩ ከተሞች የመጡ የጥቁሮች የስኪ ክበባትን አስፐን ላይ ሰበሰቡ፤ ከዚያ የተነሣው ማኅበር ዛሬም በየክረምቱ ይገናኛል። እኛ የምንሄድበት መንገድ በሌሎች የተጠረገ ነው። ልጆቻችንም ትምህርት ቤት ውስጥ «የት ሄዳችሁ ነበር» ሲባሉ የሚሉት ነገር ቢኖራቸው ደስ ይለኛል። ስኪ የማይፈልግ ሰው በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሂደን ቫሊ ላይ ፕላስቲክ መንሸራተቻ ይዞ ይሂድ፤ የፓርኩን መግቢያ ከከፈለ ሌላ ክፍያ የለበትም። ቦታው እስከ 1991 ስኪ ሜዳ ነበር።

አንድ የቀረ ወሬ አለ፣ እሱም ሰው የሚገድል ነው፤ «መኪናችን ፎር ዊል ነው» የሚለው። አራቱም ጎማ መንዳቱ ለመነሣት ይረዳል፤ ለማቆምና ለመታጠፍ ግን የሚሠራው የጎማው ጥራት ነው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ የጎማ ሕግ አለ፤ ፎር ዊል መኪናም ቢሆን የጎማው ጥርስ ቢያንስ የኢንች 3/16፣ ማለትም 4.8 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት። ያ ከሌለ መቀጫ አለው፤ መንገድ ዘግቶ ለተገኘ ደግሞ ይከብዳል። እሑድ የሚሄድ ሰው ለመመለስ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይነሣ፤ ካልሆነ አይዳሆ ስፕሪንግስ ላይ እራቱን በልቶ መንገዱ እስኪቀል ቢጠብቅ ይሻለዋል።