እመ ምኔቷ ከኦፔራ መጣች

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን በፊልም ያየ ሰው እመ ምኔቷን አይረሳም። ዋና ባለታሪኳ ማሪያ ግራ ገብቷት ወደ ገዳሙ ስትመለስ፣ በመስኮቱ አጠገብ ቆመው በዜማ የሚመክሯት እናት ናቸው። ፊልሙ በ1965 ሲወጣ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊቱ የፔጊ ዉድ፣ የዘፈኑ ድምፅ ደግሞ የማርጀሪ ማኬይ ነበር። ከሁለቱም በፊት ግን ቦታው የሌላ ሴት ነው። በኖቬምበር 1959 በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ መጋረጃው ሲከፈት እመ ምኔቷን ሆና የተወነችው ፓትሪሺያ ኒዌይ የምትባል የኦፔራ ሶፕራኖ ነበረች። የፊልሙን ቅንጭብ እየተቀባበሉ «የፔጊ ዉድ ድምፅ እንዴት ያምራል!» የሚሉ ሰዎች ሁለት ዘፋኞችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበድላሉ።

ሶፕራኖ ከሴቶች ድምፅ ከፍተኛው ነው። ኦፔራ ከሞላ ጎደል ዳር እስከ ዳር የሚዜም፣ ሙዚቃዊ ቴአትር ደግሞ ንግግርና ዘፈን የሚፈራረቁበት ተውኔት ነው። ለጊዜው ይህ ይበቃል።

ኒዌይ በ1919 ኒው ዮርክ ውስጥ በብሩክሊን ተወለደች፤ በማንስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረች። ስሟን ያስጠራው ጃን ካርሎ ሜኖቲ ደርሶት በ1950 ለመድረክ የበቃው «ቆንስሉ» የተሰኘው ኦፔራ ነው። ኒዌይ የተጫወተቻት ማግዳ ሶሬል ባሏ በምስጢር ፖሊስ የሚታደንባት ሴት ናት። እሱ ድንበር ሊሻገር ይሸሻል፤ እሷ ቪዛ ፍለጋ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ትመላለሳለች። ጸሐፊዋ ቅጽ ትሰጣታለች፤ ቅጹ ሲሞላ ሌላ ቅጽ ይመጣል። ቆንስሉ እንደሆነ ከጥላው በቀር አንድም ጊዜ አይታይም። በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ማግዳ ትዕግሥቷ አልቆ ምሬቷን በረጅም ዜማ ታፈነዳዋለች። ኤምባሲ በር ላይ ፋይል ታቅፎ የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት የሚያስረዳው ሰው አያሻውም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። «ቆንስሉ» ኒው ዮርክ ሲገባ የታየው በኦፔራ ቤት ሳይሆን በብሮድዌይ፣ በኤቴል ባሪሞር ቴአትር ነው። 269 ጊዜ ታየ፤ የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማትም አገኘ። ስለዚህ ኒዌይ በኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ የአልባን በርግን «ቮትሴክ» ብትዘፍንም፣ ፓሪስ ሄዳ በኦፔራ ኮሚክ «ቶስካ»ን ብትጫወትም፣ ቃል በቃል ሊያዳምጥ ቲኬት የሚቆርጠውን የቴአትር ተመልካች አስቀድማ ታውቀዋለች።

«ከኦፔራ ወደ ሙዚቃዊ ቴአትር ወረደች» የሚል አነጋገር አለ። አነጋገሩ የቆየ ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። በሐሳቡ ሥር ያለው ግምት ከባዱን የቻለ ቀላሉ አያቅተውም የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ከሙዚቃ አዋቂዎች አፍ ሳይቀር ሰምቷል፤ በሰማ ቁጥርም ይቆጨዋል። ግምቱ ስህተት ነው፤ ስህተትነቱም የጣዕም ጉዳይ ሳይሆን የአፍና የጉሮሮ ጉዳይ ነው።

አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ እያለ ይቁጠር። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚለወጠው የምላስ፣ የከንፈርና የመንጋጋ አቀማመጥ ነው። በዚህ አቀማመጥ የተነሣ ከጉሮሮ እስከ ከንፈር ያለው ባዶ ቦታ ድምፅን የሚያጎላበት የንዝረት መጠን ይለያያል። «ሂ» ስንል ዝቅተኛው የማጉያ ነጥብ በሴኮንድ ከ300 እስከ 400 ንዝረት አካባቢ ነው፤ «ሃ» ስንል ወደ 800 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል። ጆሮ «ሂ»ን ከ«ሃ» ከሚለይባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። አሁን ሶፕራኖዋ ወደ ላይ ትውጣ። በሴኮንድ 880 ንዝረት ያለው ኖታ ለእሷ የዕለት እንጀራ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የዜማው ዝቅተኛ ንዝረት ራሱ የ«ሂ»ን ማጉያ ነጥብ አልፎ ሄዷል። «ሂ» ብላ ብትጸና አፏ ድምፁን አያግዘውም፤ ድምፁ ይሳሳል፤ ኦርኬስትራው ይውጠዋል። የሠለጠነች ዘፋኝ ታዲያ መንጋጋዋን ከፍታ የማጉያ ነጥቡን ወደ ኖታው ታነሣዋለች። ያን ጊዜ ድምፁ ተጨማሪ ጉልበት ሳይጠይቅ ይገዝፋል፤ ወደ 3,800 ሰው የሚይዘውን የኒው ዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ያለ ማይክሮፎን ይሞላል። ዋጋው ግን አለ፤ «ሂ»ም «ሁ»ም ወደ «ሃ» ይጠጋሉ፤ ቃሉ ይጠፋል።

ስዊድናዊው ዮሃን ሱንድበርግ ይህን በ1970ዎቹ ስቶክሆልም ውስጥ አጥንቶታል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2004 ሶፕራኖዎች እየዘፈኑ ሳሉ በአፋቸው ውስጥ ያለውን ማጉያ ለክተው አረጋግጠዋል። ፈረንሳዊው ኤክቶር ቤርሊዮዝ ያለ መሣሪያ፣ በጆሮው ብቻ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደርሶበት ነበር፤ ለሶፕራኖ በከፍተኛ ኖታ ላይ ብዙ ቃል እንዳይሰጣት አቀናባሪዎችን መክሯል። ስለዚህ «የኦፔራ ዘፋኞች ቃል ይበላሉ» ብሎ መውቀስ ያለ ጥፋት መክሰስ ነው። ቃሉን የምትበላው ሶፕራኖዋ አይደለችም፤ ኖታው ነው።

ሙዚቃዊ ቴአትር የሚኖረው በዚህ በሚጠፋው ነገር ነው። ተመልካቹ የ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ገጣሚ የኦስካር ሐመርስታይንን ግጥም አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፤ ቤት መምቻውን፣ ቀልዱን፣ የታሪኩን መታጠፊያ ካመለጠው ተመልሶ አያገኘውም። የሴቶቹ ዘፈኖች በአመዛኙ ዝቅ ብለው፣ ለንግግር ተጠግተው የሚጻፉት ለዚህ ነው። እዚህ የምትገባ ሶፕራኖ ለዓመታት የገነባችውን ከፍታ ደጅ ትታ፣ ብዙ ያልተጠቀመችበትን መካከለኛ ድምፅ ይዛ ትቆማለች። በዚያ ላይ የሥራው ብዛት አለ። በኦፔራ ቤት ትልቅ ክፍል የሚዘፍን ሰው በትርኢቶች መካከል የዕረፍት ቀናት ያገኛል፤ ብሮድዌይ በሳምንት 8 ጊዜ ነው። በፀጉር ውስጥ የምትደበቀው ትንሽ ማይክሮፎንም በ1959 የተለመደች አልነበረችም።

ስም ብቻውን ምን ያህል እንደማይበቃ ሄለን ትራውበል ምስክር ናት። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሜትሮፖሊታን የቫግነርን ከባድ ክፍሎች የተሸከመች ታላቅ ሶፕራኖ ነበረች። በምሽት ክበቦች መዝፈኗን የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሩዶልፍ ቢንግ ስላልወደደው በ1953 ተለያዩ። በ1955 የዜማ ደራሲው ሪቻርድ ሮጀርስና ሐመርስታይን በጆን ስታይንቤክ ልብ ወለድ ላይ በመሠረቱት «ፓይፕ ድሪም» ውስጥ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ባለቤት የሆነችውን ፋውናን እንድትጫወት ሰጧት። ነገር ግን ደራሲዎቹ የቤቱን ሥራ በግልጽ ለመናገር አፈሩ፤ ባሕርይዋ ደብዛዛ ሆነ፤ ያ ግዙፍ ድምፅም የሚሠራው አጣ። ትርኢቱ ከ246 ጊዜ በኋላ ተዘጋ፤ ከሁለቱ ደራሲዎች የብሮድዌይ ሥራዎች ሁሉ አጭር ዕድሜ የነበረው እሱ ነው። ጥፋቱን በእሷ ላይ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ የሜትሮፖሊታኑ ባስ ኤዚዮ ፒንዛ በ1949 ወደ ሁለቱ ደራሲዎች «ሳውዝ ፓስፊክ» ሲገባ ውሉ በአንድ ትርኢት ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳይዘፍን ይገድብ ነበር። ሴቷ ዋና ተዋናይት ሜሪ ማርቲን ከእንዲህ ያለ ድምፅ ጋር ጎን ለጎን መዝፈን አስፈርቷት ነበር። ደራሲዎቹ ለሁለቱ ትውውቅ ያገኙት መላ ድንቅ ነው፤ እሷም እሱም በየተራ ለየራሳቸው እንደሚያስቡ ሆነው ይዘፍናሉ፤ ድምፃቸው አይደራረብም።

10 ዓመት አለፈ። ማርቲን አሁን ማሪያ ናት፤ ፊት ለፊቷም እንደገና የኦፔራ ድምፅ ቆሟል። በፊልሙ ማሪያ በነጎድጓድ ሌሊት ለልጆቹ የምትዘፍነው «የምወዳቸው ነገሮች» በመድረኩ ላይ የልጆች ዘፈን አልነበረም። በእመ ምኔቷ ቢሮ ሁለቱ ሴቶች አብረው የሚዘፍኑት ነው። የ1959ኙን የመድረክ ተዋንያን አልበም ከፍቶ ይህን ማድመጥ ያስደስታል። ማግዳን ሆና ቴአትር ያንቀጠቀጠችው ሴት እዚህ ድምፅዋን ሰብስባ፣ ዜማውን ለንግግር አስጠግታ፣ ከማርቲን ሳትበልጥ ሳታንስ ትሄዳለች። አንዲት መነኩሲት በልጅነቷ የምታውቀውን ዘፈን ስታስታውስ ይሰማል እንጂ የኦፔራ ኮከብ ዝቅ ስትል አይሰማም። ኒዌይ ብዙ ምስጋና ያላገኘችበት ትልቁ ሥራዋ ይህ ነው።

ሁሉም የሚያውቀው የመጀመሪያው ገቢር መዝጊያ፣ ተራራውን ውጪ የሚለው ምክር፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በለሰለሰ መካከለኛ ድምፅ ይጀምራል፤ ቃላቱ አንድ በአንድ ይሰማሉ፤ ሙሉው የኦፔራ ድምፅ የሚለቀቀው መጨረሻ ላይ፣ አድማጩ ቃሉን አስቀድሞ ሲያውቀው ነው። ሮጀርስ የት ላይ ቃል፣ የት ላይ ድምፅ እንደሚያሻ ያውቅ ነበር፤ ኒዌይም ታውቅ ነበር። በ1960 ለዚህ ክፍል የቶኒ ሽልማት ተሰጣት፤ ትርኢቱም 1,443 ጊዜ ታየ።

ዛሬ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይኬዳል። ኦፔራ ተምራ በብሮድዌይ የነገሠችው ኬሊ ኦሃራ በሜትሮፖሊታን የሞዛርትን «ኮሲ ፋን ቱቴ» ዘፍናለች። ያኔም ቢሆን ኒዌይ በ1964 በሊንከን ሴንተር «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ»ን ስትጫወት አብራት የቆመችው የሜትሮፖሊታኗ ሪዜ ስቲቨንስ ነበረች።

ኒዌይ በ2012 አረፈች። ልታደምጧት ከፈለጋችሁ በአልበሙ ብቻ አትወሰኑ፤ የቶኒ ሽልማት ባገኘችበት በ1960 ለቴሌቪዥን የተቀረጸው «ቆንስሉ»ም ይገኛል፤ ማግዳ እሷው ናት። መጀመሪያ ከማርቲን ጋር የዘፈነችውን ስሙ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ገቢር መጨረሻ፣ ጸሐፊዋ እንደገና ቅጽ ወደምትዘረጋበት ቦታ እለፉ።