ሚኒን ያነገሣትም የሚገድላትም ከሆዷ ሥር ነው

እንግሊዝና ጣልያን ቱሪን ላይ ሊጋጠሙ ነው። ከተማዋ በደጋፊ ተጥለቅልቃለች፤ መንገዱ ሁሉ ተዘጋግቷል። በዚህ ግርግር መሀል የእንግሊዝ ደጋፊ መስለው የገቡ ዘራፊዎች ወርቁን ሦስት ሚጢጢ መኪኖች ላይ ጭነው ውልቅ! አንዷ ቀይ፣ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ሰማያዊ። ደረጃ ይወርዳሉ፣ ጣሪያ ላይ ይከንፋሉ፣ ፖሊስ ከኋላ ይንደፋደፋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1969 የወጣው «ዘ ኢታሊያን ጆብ» ነው። አሜሪካኖቹ በ2003 እንደገና የሠሩትን ያየ የኛ ሰው ብዙ ነው፤ ኳሱ ያለው ግን በመጀመሪያው ነው።

ዝርፊያው ፊልም ይሁን እንጂ የሚኒ ጉብዝና የእውነት ነው። የሞንቴ ካርሎ ራሊን እ.ኤ.አ በ1964 ሰሜን አየርላንዳዊው ፓዲ ሆፕኪርክ፣ በ1965 ፊንላንዳዊው ቲሞ ማኪነን፣ በ1967 ደግሞ ሌላው ፊንላንዳዊ ራውኖ አልቶነን በሷ አሸንፈዋል። የመጨረሻው ድል ልዩነት 13 ሰከንድ ብቻ ነበር። መሀል ላይ ያለችው 1966ስ? እሷ እስካሁን ታንገበግባለች። ሦስቱ ሰዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተደርድረው ገቡ፤ አዘጋጆቹ ግን የፊት መብራታቸው ደንቡን አያሟላም ብለው ሦስቱንም ሰረዙ። ድሉ ሲትሮን ይዞ ለመጣው ለፓውሊ ቶይቮነን ተሰጠ። በአምፖል! በባከነ ሰዓት የገባች ጎል በኦፍሳይድ ስትሻርበት ያየ ደጋፊ ስሜቱ አይጠፋውም።

በ1964 ሁለተኛ የወጣው ፎርድ ፋልከን ስምንት ሲሊንደር፣ ከአራት ሊትር በላይ ሞተር ነበረው። የሆፕኪርክ ሚኒ 1071 ሲሲ ናት። ታዲያ በምን ረታችው?

መልሱ ያለው ከሥር ነው። በ1956ቱ የስዊዝ ቀውስ ቤንዚን በራሽን ሲሆን ቢ.ኤም.ሲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ትንሽና ቆጣቢ መኪና እንዲሠራ አሌክ ኢሲጎኒስን አዘዘ። ሰውየው ሞተሩን በአግድም አስተኛው፣ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር ወሸቀው፣ የሚነዱትን ጎማዎች ፊት ላይ አደረገ፣ ባለ 10 ኢንች ጎማዎቹን ወደ አራቱ ማዕዘን ገፋቸው። 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም በምትረዝም መኪና አራት ሰው ተቀመጠ። የሰፈራችን መካኒክ ሥሯ ገብቶ ባሌስትራ ወይም ሞላ ቢፈልግ አያገኝም። በነሱ ፈንታ ያለው አሌክስ ሞልተን የነደፈው ሾጣጣ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ በተጫነ ቁጥር ይበልጥ ይጠነክራል፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ሳትጋደም የምትዞረው ለዚህ ነው። ከ1964 በኋላ ለጥቂት ዓመታት የፊቱንና የኋላውን ጎማ በፈሳሽ የሚያገናኝ ሌላ ዘዴ ተሞክሮ ነበር። በኋላ ግን ወደ ላስቲኩ ተመለሱ።

ችግሩ፣ ላስቲክ ያረጃል። የሚኒ ምርት በ2000 ስለቆመ ዛሬ ያሉት ሁሉ አሮጊቶች ናቸው። መኪናዋ ዝቅ ብላ ቁጢጥ ስትል ባለቤቱ «ስፖርት ሆነችልኝ» ብሎ ይደሰታል። ስፖርት ሳይሆን ድካም ነው! የላላ ላስቲክ ላይ ከፍታ ማስተካከያ ብሎን ጨምሮ ማንሳት ይቻላል፤ በኔ እምነት ግን ጉልበቱ ያለቀ ተጫዋችን መርፌ ወግቶ እንደማስገባት ነው። ላስቲኩ ይቀየር። የፊተኛውን ለማውጣት ግን ላስቲኩን ጨምቆ የሚይዝ ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። ታምቆ የተቀመጠ ጉልበት ነውና ያለሱ በካቻቢቴና በመዶሻ የሚታገል ሰው ጣቱን ያጣል። እግረ መንገድ፣ ላስቲኩ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ ከደረቀች መኪናዋ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ ሲጥ ትላለች፤ ግሪስ ትፈልጋለች ማለት ነው።

ግሪስ ካልን አይቀር፣ ሚኒ በየ3 ሺህ ማይሉ (5 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ) በፓምፕ መጠጣት አለባት። ፊት ለፊት ያሉትን መገጣጠሚያዎች ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሳው የኋላው ክንድ ነው። እሱ ሲደርቅ ኩሽኔታውና ዘንጉ ይበላላሉ፣ የኋላው ጎማም አናቱን ወደ ውስጥ ያጋድላል። በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ማወዛወዝ ነው። ከተንቀጫቀጨ እዚያው ጋ ፈልጉት።

አሁን ወደ ዋናው። በ2003 ሪያል ማድሪድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሲለቅ ሰዉ ሁሉ ዓይኑ ዚዳንና ቤካም ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 2007 የላሊጋ ዋንጫ አላዩም። የሚኒ ማኬሌሌ ዘይቱ ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም አንድ ዘይት ይጋራሉ። የካምቢዮ ጥርሶች ዘይቱን እየፈጩ ያደክሙታል፤ የነሱ ብናኝ ደግሞ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። አንዱ ሲታመም ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ 20 በ50 ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ከነፊልትሮው። ብዙዎቹ ላይ የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት አለው፤ ሲፈታ እዩት። ግራጫ ሊጥ መሰል ነገር ከያዘ ጤና ነው። ስባሪ ብረት ከያዘ ካምቢዮው እየተሰናበታችሁ ነው። ሰውየው ግን ለቀለም ሲሆን ኪሱን ይፈታል፣ ለዘይት ሲሆን «ገና ነው» ይላል!

የቀረው ኃይሉን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ በላስቲክ ከረጢት ተሸፍኗል። ከረጢቱ ሲቀደድ ግሪሱ ይረጫል፣ አሸዋ ይገባል። በጊዜው ከተደረሰበት ወጪው የከረጢት ብቻ ነው፤ ከዘገየ መገጣጠሚያው ራሱ ይሄዳል። በቀድሞዎቹ ሚኒዎች በዘንጉ የውስጠኛ ጫፍ ባለ መስቀል ቅርጽ ላስቲክ አለ። ዘይት ሲነካው ይቦካል፣ ሲቦካ ይበጠሳል፣ የያዙት ብሎኖችም የካምቢዮውን ቤት እስከመብሳት ይደርሳሉ።

ሚኒ ልትገዙ ከሄዳችሁ ቀለሟን ተዉት። ሰፊ ሜዳ ፈልጉ፣ መሪውን እስከ ጫፍ አዙሩና ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሬዲዮውን ዝጉ። ቀጭ ቀጭ ካለ ዋጋው ይቀነስ።