በግንብና በወታደር ማሸነፍ

በቼዝ ንግሥቶቹ ተበላልተው፣ ፈረሶቹና ጳጳሶቹም አልቀው፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ንጉሥ፣ ሁለት ግንብና ጥቂት ወታደሮች ብቻ ሲቀሩ ብዙ ሰው ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል። በወታደር የበለጠው ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ አቻ ይለያያሉ ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው። አንድ ወታደር የበለጠ ሰው ድሉን ከእጁ ሲጥል፣ በወታደር ያልበለጠው ሲረታ ማየት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ የሚፈርደው ግንቡና ንጉሡ ምን ያህል ሥራ ላይ ናቸው የሚለው ነው። ጀማሪ ወጣቶች ለመክፈቻ እርምጃዎች ከሚያጠፉት ጊዜ ግማሹን ለዚህ ቢሰጡት ብዙ ጨዋታ ያተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተጫዋቾች ሩክም የሚሉት ግንብ ሲጀመር በየማዕዘኑ ተዘግቶበት ይቆማል። ወደ ጦርነቱ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ የሚበላውም ዘግይቶ ነው። የግንብ ፍጻሜ ከሌሎቹ ፍጻሜዎች ሁሉ ይበልጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ለዚህ ነው። አካሄዱም ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም፤ በእኛ በጥንቱ ቼዝ፣ በሰንጠረዥም ግንቡ ዛሬ በቼዝ እንደሚሄደው ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። የተለወጠው የወታደሩ ዕጣ ነው። በድሮው ጨዋታ ሰሌዳውን አቋርጦ ጫፍ የደረሰ ወታደር የሚሾመው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ለሚራመድ ደካማ ሹመት ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ ንግሥቷ የዛሬውን ኃይሏን ስታገኝ፣ ስምንተኛው ረድፍ ላይ በሰላም የደረሰ አንድ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታውን ይጨርስ ጀመር። አንዷን የወታደር ብልጫ ይህን ያህል ውድ ያደረጋት ይህ ነው።

በግንብ ፍጻሜ ዓለም ውስጥ ሁለት አቀማመጦችን ያላወቀ ሰው በጭለማ ነው የሚጫወተው። የመጀመሪያው በስፔናዊው ሉሴና ስም ይጠራል። የሉሴና መጽሐፍ በ1497 ሳላማንካ ውስጥ ቢታተምም አቀማመጡ እዚያ የለም፤ የሚገኘው ጣሊያናዊው ሳልቪዮ በ1634 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል። ሰሌዳ ያለው አንባቢ ቢደረድረው ጥሩ ነው። የነጩ ንጉሥ ዲ8፣ ወታደሩ ዲ7፣ ግንቡ ኤፍ1 ላይ ይቁሙ፤ የጥቁሩ ንጉሥ ጂ7፣ ግንቡ ሲ2 ላይ። ተራው የነጭ ነው። ወታደሩ ሊነግሥ አንድ እርምጃ ቀርቶታል፤ መንገዱን የዘጋበት የገዛ ንጉሡ ነው። ንጉሡ ወዲያው ወደ ኢ7 ቢወጣ የጥቁሩ ግንብ ከታች ቼክ፣ ቼክ እያለ ያሯሩጠዋል። ለመሸሽ ከወታደሩ ቢርቅ ደግሞ ወታደሩ ይበላል።

መፍትሔው ለቸኮለ ሰው አይታየውም። ነጩ ግንቡን ወደ ኤፍ4 ያወጣል። እዚያ ሆኖ ምንም አይበላም፣ ማንንም አያስፈራራም፤ የጥቁሩን ንጉሥ ግን በኤፍ መስመር አጥሮ እንደያዘ ነው። ጥቁሩ ሲ1 ይላል። አሁን ንጉሡ ወደ ኢ7 ይወጣል፤ ኢ1 ላይ ቼክ። ዲ6፤ ዲ1 ላይ ቼክ። ኢ6፤ እንደገና ኢ1 ላይ ቼክ። ንጉሡ ወደ ዲ5 ይወርዳል፤ ጥቁሩ ዲ1 ላይ ቼክ ሲል፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ሲጠብቅ የቆየው ግንብ ወደ ዲ4 ገብቶ ይጋርደዋል። ከዚያ በኋላ ቼክ የለም። ጥቁሩ ግንቡን ቢበላ ንጉሡ መልሶ ይበላና ወታደሩ ይነግሣል። ተጫዋቾች ይህን ድልድይ መሥራት ይሉታል። ውበቱ ግንቡ ሦስት ቤት ወጥቶ ከሦስት ቼክ በኋላ የሚመጣውን አራተኛ ቼክ መጠበቁ ላይ ነው።

ሁለተኛው አቀማመጥ የተከላካዩ መጠለያ ነው፤ የሚጠራውም በፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲና የቼዝ ሊቅ በፊሊዶር ስም ነው። የተከላካዩ ንጉሥ ወታደሩ ሊነግሥበት ባሰበው ቤት ላይ ይቆማል፤ ግንቡ ደግሞ ከነጭ በኩል ሲቆጠር ስድስተኛውን ረድፍ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። በዚህም የነጩ ንጉሥ ወደፊት መግባት ይከለከላል። ነጩ ወታደሩን ራሱን ወደ ስድስተኛው ረድፍ የገፋ ዕለት ተከላካዩ ግንቡን ወደ አንደኛው ረድፍ አውርዶ ከኋላ ቼክ ይጀምራል። ንጉሡ ሊጠለልበት የሚችለውን ቤት ወታደሩ ስለያዘበት መሸሸጊያ ያጣል፤ ጨዋታውም አቻ ይወጣል። እንግዲህ አንድ ወታደር የበለጠ ሰው ሥራው የተቃዋሚውን ንጉሥ ከመንገዱ ቆርጦ ማራቅና ወደ ሉሴና መድረስ ነው። ወታደሩ በዳርቻው፣ በኤ ወይም በኤች መስመር ከሆነ ግን የገዛ ንጉሡ ከፊቱ ተወሽቆ ስለሚቀር ማሸነፉ በጣም ይከብዳል።

ጀርመናዊው ሐኪም ዚግበርት ታራሽ ያስተማረው ደንብ እዚህ ይመጣል፤ ግንብህን ነጻ ከወጣው ወታደር ኋላ አቁም፣ የራስህም ይሁን የባላጋራህ። ወታደሩ በተራመደ ቁጥር ከኋላው ያለው ግንብ ሜዳ ይሰፋለታል፤ ከፊቱ የሚጋርደው ግን እየጠበበበት ይሄዳል። በ1927 ቦነስ አይረስ ውስጥ አሌኪን ካፓብላንካን ከዓለም ሻምፒዮንነት ያወረደው በዚህ ዓይነት ፍጻሜ ነው። በ34ኛው ጨዋታ አሌኪን ግንቡን ከኤ ወታደሩ ኋላ አቆመ፤ የካፓብላንካ ግንብ ከፊቱ ሆኖ አገደ። የካፓብላንካ ንጉሥ ግንቡን ከዚያ ጥበቃ ሊያሳርፍ ወደ ኤ6 ሲሄድ የአሌኪን ንጉሥ ሰሌዳውን አቋርጦ ኤች6 ገባና የዚያን ወገን ወታደሮች አስጨነቀ። ካፓብላንካ መሸነፉን በደብዳቤ አሳወቀ።

ከሁሉም በላይ ሊታይ የሚገባው ግን ራሱ ካፓብላንካ በ1924 ኒውዮርክ ላይ ከታርታኮወር ጋር የተጫወተው ነው። ግንቡ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ወታደሮቹን ለመጠበቅ ወደኋላ ከመመለስ ይልቅ ንጉሡን ወደፊት አስወጣ። ታርታኮወር አንድ ወታደር በቼክ በላ። ንጉሡ ቀጠለ። ሁለተኛ ወታደር በቼክ ተበላ። ንጉሡ ጂ5 ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ኤፍ6 ገባ። ንጉሡ፣ ጂ6 ላይ ያለው ወታደርና ግንቡ በአንድነት የጥቁሩን ንጉሥ ጥግ ላይ ሲያስጨንቁት የታርታኮወር ግንብ ብቻውን የትም መድረስ አልቻለም። ካፓብላንካ የሰጣቸውን ወታደሮች አንድ በአንድ መልሶ ለቀመና አሸነፈ።

ልምምዱ ወጪ የለውም። ሉሴናን ደርድሮ ነጩን ይዞ ከስልክ ፕሮግራም ጋር መጫወት፣ ቀጥሎም ፊሊዶርን ደርድሮ ጥቁሩን መያዝ ነው። ድልድዩን በዲ ወታደር የሠራ ሰው በሲም፣ በጂም ይሞክረው፤ የጥቁሩን ንጉሥም አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያቁመው፤ ግንቡ ለምን አራተኛው ረድፍ ላይ እንደሚቆም ያኔ እጁ ራሱ ይነግረዋል።