በአሮጌ ቮልስዋገን ላይ የባትሪ ማቋረጫ ስለ መግጠም

የመኪና ቁልፍ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ሁሉ አብሮ የሚዘጋ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቁልፉ የሚያዝዘው ወደ ኮይሉና ወደ ጥቂት ሌሎች መሣሪያዎች የሚሄደውን መሥመር ብቻ ሲሆን፣ ከባትሪው ተነሥቶ ወደ ሞተሪኖው፣ ከዚያም ወደ ዲናሞውና ወደ መብራቱ ማብሪያ የሚዘልቀው ዋናው መሥመር ሌሊትም ቀንም ኃይል እንደ ተሸከመ ይኖራል። ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ያለው ወፍራም ሽቦማ ፊውዝ እንኳ የለውም። የሽቦው ልባስ በዕድሜ ብዛት ደርቆ ቢሰነጠቅና ብረት ቢነካ፣ ባትሪው እስኪደክም ወይም ሽቦው እስኪቀልጥ ድረስ የሚያቆመው ነገር አይገኝም። ባትሪውን ከመኪናው የሚለይ ማቋረጫ መግጠም ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አገጣጠሙን ብቻ ሳይሆን፣ ማቋረጫው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ጭምር ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራውን መኪና ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ስለ ነበረ፣ በታሪካችንም ስሙ ይነሣል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ባትሪው ግን ከኋላው ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል።

የቮልስ ባትሪ ኔጋቲቭ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ባጭር የተጠለፈ ሽቦ ታስሯል። እንግዲህ የመኪናው ብረት በሙሉ እንደ መመለሻ ሽቦ ያገለግላል ማለት ነው። ማቋረጫው መግባት ያለበት በዚህ በኩል ነው። መመለሻው ከተቆረጠ ፖዘቲቩ ብረት ቢነካ እንኳ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ አያገኝም። በፖዘቲቩ በኩል ብንገጥመው ግን ማቋረጫው ራሱ ከብረት መጠበቅ ያለበት ሌላ አደገኛ ጫፍ ይሆንብናል። ይሁን እንጂ «ምን ጊዜም ኔጋቲቩን ቁረጥ» የሚለው ምክር ለሁሉ አይሠራም። ብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪናዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከአካላቸው ጋር ያስሩ የነበረው ፖዘቲቩን ነው። ደንቡ ከአካሉ ጋር የታሰረውን ጫፍ መቁረጥ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ያሻል።

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ጉዳይ የቮልቱ ነው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ወደ አሜሪካ የሚላኩት እንኳ ወደ 12 ቮልት የተለወጡት በ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ቮልቱ ግማሽ ሲሆን፣ ሞተሪኖው ያንኑ ሥራ ለመሥራት እጥፍ አምፔር መሳብ አለበት። አንድ ርካሽ ማቋረጫ በመገናኛው ላይ 0.002 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ ሞተሪኖውም 200 አምፔር ቢወስድ፣ 0.4 ቮልት በማቋረጫው ላይ ይቀራል። ይህ ከ6 ቮልት ወደ 7 በመቶ ገደማ ነው። በ12 ቮልት መኪና ግን አምፔሩ 100 ይሆንና የሚጠፋው 0.2 ቮልት፣ ይኸውም ከ2 በመቶ በታች ነው። ያው ማቋረጫ በአሮጌው መኪና ላይ አራት እጥፍ ያከስራል ማለት ነው። በብርድ ጧት ሞተሩ እያቃሰተ ሲዞር ባለቤቱ ባትሪውን ይከስሳል፤ አዲስ ባትሪም ይገዛል፤ ጥፋተኛው ግን በጥቂት ብር የተገዛው ማቋረጫ ነው።

ገበያ ላይ ከሚገኙት አንዱ ዓይነት በባትሪው ጫፍ አናት ላይ የሚቀመጥና በጣት የሚጠመዘዝ ነው። ለቮልስ አንመርጠውም። ከወንበሩ ሥር ያለው ክፍተት ጠባብ ስለ ሆነ፣ ቁመቱን ወደ ወንበሩ የብረት ስፕሪንግ ያስጠጋዋል፤ ለመዝጋትና ለመክፈትም በየጊዜው ወንበር ማንሣት ሊኖር ነው። የሚሻለው ተነቃይ ቁልፍ ያለው፣ መዳቡ ወፍራም የሆነ፣ የሞተሪኖ አምፔር ሊሸከም እንደሚችል የተጻፈበት ነው። ይህ ከወንበሩ ፊት ባለው ቋሚ ብረት ላይ ሊታሰር ይችላል፤ ነገር ግን ከብረቱ በስተኋላ ምን እንዳለ ሳያዩ መብሳት አይገባም።

ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያ የሚፈታው ከአካሉ ጋር የታሰረው ጫፍ ነው፤ በመጨረሻ የሚታሰረውም እርሱ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ተራ ልማድ አይደለም። ኔጋቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን ስንፈታ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ መፍቻው ራሱ የአጭር ዙር ሽቦ ይሆናል። አዲሱ ሽቦ ከ35 ካሬ ሚሊሜትር ባያንስ፣ ለ6 ቮልት ደግሞ 50 ቢሆን ይመረጣል፤ ርዝመቱም የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ። ቡሎኑ በሚገባበት ቦታ ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ መፋቅ፣ ዳዶውን አጥብቆ ማሰርና ዝገት እንዳይገባ ቫዝሊን መቀባት ይበቃል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩ እንዳይነሣ የኮይሉን ቀጭን ሽቦ ነቅለን፣ የቮልት መለኪያውን በማቋረጫው ሁለት ጫፎች ላይ አድርገን ሞተሪኖውን እናዞራለን። ንባቡ ከ0.2 ቮልት የሚበልጥ ከሆነ መገናኛው ቆሽሿል፣ ወይም ማቋረጫው ለሥራው አይመጥንም።

ሞተሩ እየሠራ ማቋረጫውን መክፈት ክልክል ነው። ዲናሞው ለኮይሉ ኃይል ስለሚሰጥ ሞተሩ ላይጠፋ ይችላል፤ የሚያረጋጋው ባትሪ ስለሌለ ግን ቮልቱ ከፍና ዝቅ እያለ አምፑሎችን ያቃጥላል። ባለ አልተርኔተር በሆነ መኪና ላይ ዳዮዶቹ ይበላሻሉ። ቁልፉን ነቅሎ በኪስ ይዞ መሄድ ሌባን ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያግደውም። ቁልቁለት በበዛበት ከተማ የተገፋ ቮልስ በዲናሞው ብቻ ሊነሣ ይችላልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የወንበሩ ነገር ነው። በኋላው ወንበር ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ወርዶ ፖዘቲቩን ሊነካ ይችላል፤ የአሮጌው ወንበር ሙሌት ደግሞ ቶሎ የሚቀጣጠል ነው። በዚህ ዓይነት እሳት ተነሥቶባቸው የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። ይህ የሚደርሰው ሰዎች ተሳፍረው ሲሄዱ፣ ማለት ማቋረጫው ተዘግቶ ኤሌክትሪክ እያሳለፈ ሳለ ስለ ሆነ፣ ማቋረጫው እዚህ ላይ ምንም አይረዳም። የሚረዳው ከፋብሪካ አብሮ የመጣው የባትሪ ክዳን ነው፤ እርሱም በብዙ መኪና ላይ ባትሪ ሲለወጥ ተጥሎ ቀርቷል። ክዳን የሌለው መኪና ላይ ማቋረጫ ከመግጠማችን በፊት፣ ከወፍራም ጎማ ቆርጠን፣ ባትሪው የሚያወጣው ጋዝ ማለፊያ እንዲኖረው አድርገን፣ ፖዘቲቩን እንሸፍናለን።